ያልዞረው መስታወት

«ውሃው የሚወጣው በዚህ በኩል ነው፤ እንዳትረግጠው» አለች ሴትዮዋ፣ እንግዳው ማንነቱን እንኳ ሳይናገር ክንዱን ይዛ በጠባቡ መተላለፊያ እየጎተተችው። «ሦስት ቀን ሙሉ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ስትሉኝ ከረማችሁ። ልብሱ እዚያው ውስጥ ሸትቶ ሊያልቅ ነው። ና ግባ፣ ምን ትገተራለህ!»

«እኔ እንኳ የመጣሁት…» ብሎ ጀመረ እንግዳው።

«አውቃለሁ። መኪና ጠፍቶብህ፣ አድራሻው ተሳስቶብህ፣ ጓደኛህ ታሞብህ። ሁላችሁም አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማራችሁት መሰለኝ። ኮትህን ስጠኝ።»

ኮቱን ሰጣት። ለምን እንደሰጣት እሱም አያውቀውም። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በዕድሜው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከፍቶ አያውቅም። የገዛ ቤቱ ማሽን እንኳ እምቢ ሲል ሚስቱ ናት ጎኑን በጥፊ ብላ የምታስነሳው። ነገር ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ ሊናገረው ያመጣው ነገር ከብዶት ስለነበር፣ አንድ ሰው እዚህ ግባ፣ እዚህ ተንበርከክ ሲለው እፎይ አለ። ተንበረከከ። እጅጌውን ጠቀለለ። ማሽኑን ሐኪም በሽተኛውን እንደሚያይ ከላይ እስከ ታች አየው፤ ከሥር በኩል ያለችውን ክብ ክዳን ነካ ነካ አደረጋት።

«መፍቻ አልያዝክም እንዴ?»

«አልያዝኩም።»

«ጉድ እኮ ነው! መፍቻ የሌለው ሠራተኛ!» አለችና ልታመጣለት ወደ ኩሽና ሄደች።

ብቻውን ቀረ። ጆሮዎቹ ይቃጠላሉ። መቼም ሰው ሲያፍር ከሁሉም ቀድሞ የሚያውቀው ጆሮው ነው፤ የዚህ ሰውዬ ጆሮዎች ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አልበረዱም።

በመሥሪያ ቤቱ «ሚዛኑ» ነው የሚባለው። ከከተማው ወጣ ብሎ ከኮረብታው ላይ ያለው የከዋክብት ምልከታ ማዕከል ውስጥ የልኬት ክፍል ኃላፊ ሆኖ ኖሯል፤ ጡረታ ሊወጣ አንድ ወር ቀርቶታል። ማዕከሉ ድሮ፣ ፎቶ የሚነሳው በመስታወት ላይ በነበረበት ጊዜ ያከማቸውን ሁሉ ዘንድሮ በማሽን እያነበበ ወደ ኮምፒውተር እያስገባ ነው። ይህን የምትሠራው አንዲት ወጣት ኢንጂነር ናት፤ ሥራዋ ሲሳካላት የምትዘል፣ ካልተሳካላትም የምትዘል ልጅ። ዛሬ ጠዋት የሻይ ብርጭቆውን ገና ሳያስቀምጥ ነው የጠራችው።

«ጋሼ! ይምጡና ጉድ ይዩ! ይህቺ ጠምዛዛ ባዳ አይደለችም፤ የቤት ልጅ ናት!»

በስክሪኑ ላይ አራት ጋላክሲዎች ተጠጋግተዋል። እንዲህ ዓይነቱን ስብስብ ጠባብ ቡድን ይሉታል፤ ጋላክሲዎቹ በአንድ ብርድ ልብስ ሥር እንደተኙ ልጆች ክንድ ለክንድ የተነካኩበት። ሦስቱ ደብዘዝ ያሉ፣ ድቡልቡል ናቸው። አራተኛዋ ጠምዛዛ ናት፤ ክንዶቿ ውሃ ወደ ቱቦ ሲወርድ እንደሚሠራው ሽክርክሪት ተጠምጥመዋል። በማዕከሉ መዝገብ ላይ ስለ እሷ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «የቡድኑ አባል አይደለችም፤ በአጋጣሚ ከፊታቸው የቆመች ናት» ይላል። ጎብኚዎች ሲመጡ ሚዛኑ ራሱ በዱላው ጫፍ እያመለከተ፣ «ይህቺኛዋ እንኳ ጎረቤት ናት፤ ፎቶው ውስጥ ሳትጠራ የገባች» እያለ ስንት ጊዜ አስቋቸዋል።

«ፍጥነቷ ከሦስቱ ጋር እኩል ነው» አለች ኢንጂነሯ። «አብራቸው ነው የምትጓዘው። ይኸውልዎ፣ ይቺን ክንዷን ይዩዋት፤ እነሱ እየሳቧት ተለጥጣለች። እንዴት ብሎ ነው ይሄ ያልታየው?» ከዚያ ወንበሯን አዞረችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የድሮውን ልኬት የወሰደችው ያቺ ኋላ መዝገብ ቤት የገባችው ሴትዮ ናት አይደል? ዓይኗ ደካማ ነበር የሚሏት። እንግዲህ ማስታወሻው ላይ ‹የቀድሞዋ ለኪ ስህተት› ብዬ አንዲት መስመር አስገባለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ለመጽሔቱ እልከዋለሁ።»

ሚዛኑ፣ «እ…» አለ።

ይኸው ነው። «እ» ብቻ። አዎን ማለት ሊሆን ይችላል፤ ጉሮሮ መጥረግም ሊሆን ይችላል። ልጅቷ ግን አዎን ብላ ወሰደችው፤ አዎን ብላ እንደወሰደችው እሱም አውቋል። የጠምዛዛዋን ፎቶ አትማ ሰጠችው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ሰዓት በኋላ ያለውን ብዙም አያስታውስም። አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ አገኘው ራሱን።

እውነቱ እንዲህ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የልኬት ክፍሉ ለኪዎች ሁለት ነበሩ፤ እሱና ኢንጂነሯ ያነሳቻት ለኪዋ። የጋላክሲውን ብርሃን ቴሌስኮፑ በትኖ በመስታወት ላይ እንደ ቀጭን ሽንትር ያትመዋል፤ በሽንትሩ ላይ ጥቃቅን መስመሮች አሉ። ከጎኑ ደግሞ ለማነጻጸሪያ የመብራት መስመሮች ይታተማሉ። የጋላክሲው መስመሮች ከቦታቸው ምን ያህል እንደሸሹ በማይክሮስኮፕ ከተለካ ፍጥነቱ ይታወቃል። ሥራው ይህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በአንድ ዓይን አጎንብሶ መቁጠር።

ታዲያ በዚያ ክፍል የማይሻር አንድ ሕግ ነበር። ማንም ለኪ አንዱን መስታወት ሁለት ጊዜ ይለካል። አንድ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ መስታወቱን አዙሮ ከሌላው ጫፍ እንደ አዲስ። ምክንያቱም ዓይን ያዳላል፤ ሲያዳላ ደግሞ ባለቤቱን አያማክርም። የመጀመሪያው ልኬት በወረቀቱ ግራ ዓምድ፣ ሁለተኛው በቀኙ ይጻፋል። ሁለቱ ለኪዎች ወረቀታቸውን አይተያዩም፤ የያኔው የክፍሉ ኃላፊ ናቸው የሚያስተያዩት።

የጠምዛዛዋ መስታወት የደረሰው ዕለት ሚዛኑ፣ ያኔ ገና ሚዛኑ ያልተባለው፣ አዲስ ጃኬት አሰፍቶ ነበር። ልብስ ሰፊው በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። አሥር ተኩል ላይ የግራውን ዓምድ ጨረሰ። ቀኙ ባዶ ነው። መስታወቱን አየው፤ ሰዓቱን አየው። ከዚያ እርሳሱን አነሳና መስታወቱን ሳያዞር፣ ዓይኑንም ከማይክሮስኮፑ ላይ ሳያደርግ፣ የግራውን ቁጥር እያየ እዚህ ጋ ትንሽ ጨምሮ፣ እዚያ ጋ ትንሽ ቀንሶ የቀኙን ዓምድ ሞላው። አራት ደቂቃ አልፈጀበትም። ጃኬቱንም አገኘ። ትከሻው ጠቦት ሁለቴ ለብሶ ተወው።

የሱ ቁጥር ጠምዛዛዋ በሰከንድ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች አለ። የለኪዋ ቁጥር ከስድስት ሺህ በላይ አለ፤ እንደ ሦስቱ። ኃላፊው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጡ። የለኪዋ ግራና ቀኝ ትንሽ ይለያያሉ፤ በእርግጥ የተለካ ነገር እንደሚለያየው። የሱ ግን ፀጉር አያስገባም። «ይህ ሰው አይደለም፤ ሚዛን ነው!» አሉ። ለኪዋ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ለካች፤ በለካች ቁጥር ጥቂት ስለሚለያይ፣ ደጋግማ መለካቷ ራሱ ተቆጠረባት። ኃላፊው መስታወቱን በራሳቸው ዓይን ሊያዩት አስበው ነበር አሉ፤ የዚያን ቀን መነጽራቸውን ቤት ረስተው መጡ፣ ከዚያ ወዲያም አላሰቡትም። በወሩ ለኪዋ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረች፤ ጡረታ እስክትወጣ የመስታወት ሣጥኖች ላይ ቁጥር ስትለጥፍ ኖረች።

ሚዛኑ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለራሱ የሚነግረው አንድ ነገር ነበረው፤ «ባዞረውም ኖሮ ቁጥሩ ያው ነበር።» መስታወቱ ከጠረጴዛው አሥር እርምጃ ርቆ መሳቢያ ውስጥ ነበር። አንድም ቀን አውጥቶ አላዞረውም። ዛሬ ጠዋት የኢንጂነሯን ስክሪን ሲያይ በአንድ አፍታ ገባው፤ ከመብራቱ መስመሮች አንዷን ዘሎ ነው መቁጠር የጀመረው። ከሌላው ጫፍ ቢጀምር አንድ መስመር ይተርፈውና ይነቃ ነበር።

«ይኸው መፍቻ» አለች ሴትዮዋ ተመልሳ። በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ከሰባ ትበልጣለች፤ የለኪዋ ታላቅ እህት መሆኗን ከአፍንጫዋ አውቋል። «ታናሼ ዳቦ ልትገዛ ወጥታለች። እሷ ብትኖር በራሷ ትፈታው ነበር፤ እኔ ነኝ ሠራተኛ ይጠራ ያልኩት። አላምናትማ! አንድ ብሎን ለማጥበቅ አሥር ጊዜ ነው የምታየው። በር ቆልፋ ወጥታ ተመልሳ ታያለች። ምድጃ አጥፍታ ተመልሳ ታያለች።»

«ጠንቃቃ ናቸው ማለት ነው» አለ ሚዛኑ፣ ክዳኗን ለመያዝ እየታገለ።

«ምን ጠንቃቃ! መሥሪያ ቤቷ ነው እንዲህ ያደረጋት። ዓይንሽ አያይም ተባለች። ሦስት የዓይን ሐኪም ጋ ሄደች። ሦስቱም፣ ‹እትዬ፣ ዓይንዎ ከእኛ ይሻላል› ብለው መለሷት። አላመነቻቸውም። አራተኛው ሰለቸውና መነጽር ሰጣት፤ ምንም የሌለው መስታወት! እኔ አድርጌው አይቼዋለሁ፤ የመስኮት መስታወት በለው። እሱን አድርጋ ነው ይኸው የምትኖረው። ጥልፍ ትጠልፍ ነበር፤ ተወችው። መኪና ትነዳ ነበር፤ ሰው እገጫለሁ ብላ ሸጠችው። ወደ ግራ ነው መሰለኝ የሚፈታው።»

ወደ ግራ ፈታው። ክዳኗ ተስፈንጥራ ወጣች፤ የሦስት ቀን የሳሙና ውሃ ጉልበቱ ላይ ተዘረገፈ። አልተንቀሳቀሰም። ሴትዮዋ ጮኸች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ጨርቅ ልታመጣ ተነሳች። እሱ እጁን ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ሲዳብስ አንድ የፀጉር መያዣ አገኘና አወጣ። ውሃው ሱሪውን አልፎ ካልሲው ገብቷል። የሚገባኝ ነው ብሎ አሰበ፤ ከዚያ ወዲያው በሐሳቡ ራሱ አፈረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ባልዲ የሳሙና ውሃ!

የውጭው በር ተከፈተ።

«እትዬ? ሠራተኛው መጣ እንዴ?»

«መጥቷል! ራሱንም አጥቦልሻል!»

ለኪዋ ዳቦውን እንደያዘች በመተላለፊያው መጣች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ወፍራም ክፈፍ ያለው መነጽር አድርጋለች። የተንበረከከውን ሰውዬ አየችው፤ መነጽሯን አስተካክላ እንደገና አየችው።

«ሚዛኑ?»

«ደግሞ ሚዛኑ ማነው?» አለች ታላቂቱ። «ማሽን ሠሪው ነው እንጂ።»

«የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው፣ እትዬ። ምን አድርገሽው ነው?»

እሱ ተነሳ። ውሃው ከጉልበቱ ይንጠባጠባል። በአውቶቡስ ላይ ያሰናዳው ንግግር ነበር፤ በየትኛው ቃል እንደሚጀምር ጠፋበት። ስለዚህ የተሰቀለውን ኮቱን ፈልጎ ከኪሱ ፎቶውን አወጣና ሰጣት።

«ዛሬ ጠዋት በማሽን ተነበበ» አለ። «አንቺ ነበርሽ ልክ።»

ለኪዋ ፎቶውን ይዛ ወደ ሳሎን መስኮት ሄደች። ብርሃን ላይ አደረገችው። መነጽሯን አወለቀች፤ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ፎቶውን ወደ ባዶ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ስንት?» አለች።

«ስድስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ።»

«የኔ ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ሠላሳ ነበር።» ጣቷ የተለጠጠውን የጠምዛዛዋን ክንድ ተከትሎ እስከ ሦስቱ ድረስ ሄደ። «አየህ፣ ይኸውልህ እኮ! አብራቸው ናት። ይቺን ክንድ ያኔም አይቻታለሁ፤ ዓይኔ ነው ብዬ ተውኳት።» ፊቷ በራ። ሚዛኑ እንዲህ ስትሆን አይቷት አያውቅም። «እትዬ! ነይ እይ! ልክ ነበርኩ!»

«እኔ መች ተሳስተሻል አልኩሽ?» አለች ታላቂቱ ጨርቁን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ።

ይህን ጊዜ ሚዛኑ መሄድ ይችል ነበር። ደስታው ሙሉ ነው፤ ማንም ምንም አልጠየቀውም። ኮቱም በእጁ ነው። ወደ በሩ ግማሽ እርምጃ ሳይራመድም አልቀረም፤ ካልሲው ጭቅ ሲል ተሰማው።

«መስታወቱ ነው ማለት ነው ያሳሳተህ» አለች ለኪዋ፣ ከፎቶው ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። «አንድ እክል ነበረበት። አንተማ አትሳሳትም። ሁለቱ ዓምዶችህ እንዴት ይገጥሙ እንደነበር አስታውሳለሁ። እንደዚያ የሚገጥም ቁጥር በዕድሜዬ አላየሁም። ብታምንም ባታምንም ስንት ዓመት ቀንቼብሃለሁ።»

ከዚህ በላይ አልቻለም።

«አላዞርኩትም» አለ።

«ምኑን?»

«መስታወቱን። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የለካሁት።»

ፎቶው እጇ ላይ ቀጥ አለ። «ቀኙ ዓምድስ?»

«ከራሴ ሞላሁት። የግራውን እያየሁ።»

«ለምን?»

ይህን ጥያቄ ነበር ከሁሉም የፈራው፤ ምክንያቱ ትልቅ ቢሆን በወደደ። ቢታመም፣ ሰው ቢሞትበት፣ ቢያስፈራሩት። «ልብስ ሰፊው እንዳይዘጋብኝ» አለ።

«ምን አለ?» አለች ታላቂቱ።

«ልብስ ሰፊ አለ» አለች ለኪዋ፣ ሳትዞር።

ከማሽኑ ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። ሚዛኑ የጀመረውን ለመጨረስ ተጣደፈ፤ ካቆመ ዳግመኛ እንደማይጀምር ያውቃል። ኢንጂነሯ ያለችውን ነገራት፤ ማስታወሻው አሥር ሰዓት ላይ እንደሚላክ፣ «የቀድሞዋ ለኪ ስህተት» የሚል መስመር እንዳለበት ነገራት። «እኔም ዝም አልኳት» አለ።

«ዝም አልክ ወይስ አዎ አልክ?»

«‹እ› አልኩ።»

«‹እ›» አለች ለኪዋ። ድምፁን በማይክሮስኮፕ ሥር እንዳለ መስመር ትንሽ አቆየችው።

ታላቂቱ እህት ጨርቁን ጣለች። ቅድም እንደ ወንድሟ ልጅ «ና፣ ግባ» ስትለው የነበረች ሴት አሁን ቀጥ ብላ ቆመች። «በሩ በዚህ በኩል ነው፣ ጌታዬ» አለችው። «የሚያደናቅፍዎ ነገር የለም።» ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«አይሄድም» አለች ለኪዋ። «ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ ተኩል።»

«ወረቀት አምጪልኝ፣ እትዬ። እስክሪብቶም።»

«አሁኑኑ ልደውልላት እችላለሁ» አለ ሚዛኑ ስልኩን እያወጣ።

«ደውለህ ‹እ› ልትላት ነው? ተቀመጥ። ጻፈው። ጽፈህ በስልክህ አንሳና ላክላት።»

ተቀመጠ። ወንበሩ ከሱሪው ረጠበ። ታላቂቱ ወረቀቱን ከሩቅ፣ እንደማይነካ ነገር ገፋ አደረገችለት። በሥራ ዘመኑ ሺህ ቅጽ ሞልቷል፣ ሺህ ሪፖርት ጽፏል፤ ይህን የመሰለ ባዶ ወረቀት ግን አላጋጠመውም። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ ሰረዘው፤ ወረቀቱን አጣጥፎ ሌላ ጠየቀ። በሁለተኛው ላይ ስለ ክፍሉ የሥራ ብዛት ጀመረና እሱንም ራሱ ተወው። ሦስተኛውን ሲጽፍ ለኪዋ ከፊቱ ተቀምጣ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ታይ ነበር። አልጣደፈችም፤ አላገዘችውም። ማልቀስ ትጀምራለች ብሎ ፈርቶ ነበር፤ አላለቀሰችም። ቢያንስ ብትጮህበት ብሎ ተመኘ፤ አልጮኸችም። አንዴ ብቻ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣ «መኪናዋ ሰማያዊ ነበረች» አለች።

አሥር ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወረቀቱን ወደሷ አዞረላት። ፊደሎቹ አንዳቸውም ቀጥ ብለው አልቆሙም። እንዲህ ይላል።

«በመዝገባችን ጠምዛዛዋ ጋላክሲ የቡድኑ አባል አይደለችም የተባለው በእኔ የተሳሳተ ልኬት ነው። በወቅቱ የክፍሉ ለኪ የነበረችው ባልደረባዬ ትክክለኛውን ቁጥር አግኝታ ነበር። እኔ መስታወቱን አዙሬ መለካት ሲገባኝ፣ ምናልባት ከነበረብኝ ጥድፊያ የተነሳ፣ ሳላዞር ሁለተኛውን ዓምድ ከራሴ ሞላሁት። ዛሬ ስጠየቅም ዝም አልኩ። ስህተቱ የእሷ ሳይሆን የእኔ ነው።» ከሥሩ ሙሉ ስሙን ጽፎ ፈርሟል።

ለኪዋ ወረቀቱን ሳበችው። መነጽሩን አላነሳችውም። ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አድርጋ ቃል በቃል እየሄደች አነበበች፤ እስከ ፊርማው ደረሰች፤ ከዚያ ተመልሳ ከታች ወደ ላይ አነበበችው። ታላቂቱ እህት ከትከሻዋ በላይ አንገቷን አስግጋለች። ሚዛኑ ስልኩን በእጁ ይዞ ይጠብቃል፤ በሕይወቱ የማንንም ፊት እንዲህ ተከታትሎ አያውቅም።

«ይቅር ትይኛለሽ?» አለ በመጨረሻ።

ጣቷ ወረቀቱ መሃል ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ ‹ምናልባት› የሚል ቃል አለ» አለችው። «እሱ ምን ሊሠራ ገባ?»